«አጥንቼ ምን ላገኝ ነው፣ ቲቸር?»

ይድረስ፦ ለትምህርት ሚኒስቴር
ግልባጭ፦ «እኛ በኩራዝ አጥንተን ነው እዚህ የደረስነው» ለምንል ወላጆችና መምህራን በሙሉ
ጉዳዩ፦ ስንፍና ስለተባለው ነገር

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

የሒሳብ መምህር ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ጠመኔ ከያዝኩ 22 ዓመት ሆነኝ። ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ስጽፍ ይህ ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያው የዝውውር ማመልከቻ ነበር።

የምጽፈው በአንድ ልጅ ምክንያት ነው። 11ኛ ክፍል ነው። ከኋላ፣ ከመስኮቱ ጎን ይቀመጣል። አንድ ቀን ጠዋት በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ዴስኩ ላይ ተደፍቶ እንቅልፉን ሲለጥጥ አገኘሁት። ቀሰቀስኩት። ከዚያ ሁላችሁም የምታውቁትን ንግግር ለቀቅኩበት። ስለ ኩራዝ፣ ስለ ባዶ እግር፣ ለአራት ትምህርት ስለሚከፈል አንድ ደብተር። ልጁ ጨዋ ነው፤ አላቋረጠኝም። ስጨርስ ብቻ አንገቱን እንደደፋ፣ «እሺ፣ አጥንቼ ምን ላገኝ ነው፣ ቲቸር?» አለኝ።

ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ድምፁ ውስጥ ሹፈት አልነበረም። ገበያ ወጥቶ ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው ነው የጠየቀኝ። «ትልቅ ሰው ትሆናለህ» ልለው አፌን ከፈትኩ። በዚያው ቅጽበት ሸሚዜ ትዝ አለኝ። ኮሌታው ተገልብጦ የተሰፋ ነው። ወደ ሰሌዳው ዞሬ ሎጋሪዝሜን ቀጠልኩ።

ዕረፍት ላይ ለባልደረቦቼ አወራሁላቸው። የመምህራን ማረፊያው በአንድ ድምፅ ፈረደ። «ትውልዱ አልቆለታል!» «ቲክቶክ በላቸው!» «ልፋት የሚባል ነገር አያውቁም!» እኔም ይህንኑ ስል ነው የኖርኩት። ያን ቀን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ልጁ ለጠየቀው ጥያቄ መልስ የሰጠ ሰው አልነበረም።

የአባቴ ዘመን ሰው «የተማረ ይግደለኝ» ይል ነበር። ዛሬ አባባሉ የሚነሳው ለቀልድ ነው። ያኔ የምር ነበር። አባቴ ከሰሜን ሸዋ ገጠር ነው የመጣው። ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ዘመናዊ ትምህርት ቤት የገባው ዘግይቶ ነው። ማትሪክ ተፈተነ፣ አለፈ፣ አስተማሪ ሆነ። የመጀመሪያ ደመወዙን ሲቀበል ለእናቱ ነጠላ፣ ለአባቱ ጋቢ፣ ለራሱ ደግሞ የእጅ ሰዓት ገዛ። መንደሩ ሰዓቱን ሊያይ መጣ። ሽማግሌዎች ጆሯቸውን እያስጠጉ ሰሙት። በዚያ መንደር የመማር ልፋት መልሱ ምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። አባቴ ክንድ ላይ ታስሮ ቲክ ቲክ ይል ነበር።

ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጥረውም። ዕድሜዬ እየገፋ ሲሄድ ግን ጎደሎው ይታየኝ ጀመር። አባቴ ሁለት ታላላቅ ወንድሞች ነበሩት። ሁለቱም ፊደል አልቆጠሩም። እሱ ደብተር ይዞ ሲሄድ እነሱ ሞፈር ይዘው ይሄዱ ነበር። የቤት ኪራዩና ስንቁ ከእነሱ ጤፍ ነው የወጣው። አባቴ ይህን አይደብቅም፤ ብቻ የታሪኩ አካል አድርጎ አይቆጥረውም። «ለፋሁ» ሲል ነጠላ ቁጥር ነው።

«አንድ ቀን ከክፍል ቀርቼ አላውቅም» ማለትም ይወዳል። ሲያሰኘው ደግሞ የ1966ቱን የተማሪ ሰልፍ በኩራት ያወራል። ሰልፉ በትምህርት ሰዓት እንደነበር ልብ ብሎት አያውቅም። ዓመት ሳይሞላው ደርግ የከፍተኛ ክፍልና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ከነመምህራኖቻቸው ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር ላከ። 60 ሺህ ያህል ሰው ደብተሩን ዘግቶ ሄደ። አባቴ አንዱ ነበር። ይህን ሳነሳበት «እሱ ሌላ ነው» ይለኛል። ምናልባትም ሌላ ነው። ግን ልጆቻችን በኮሮናና በጦርነት ከትምህርት ገበታ ሲነሱ «እሱ ሌላ ነው» ያለላቸው ሰው አላየሁም።

ስለ ድሮ ተማሪ ስናወራ ሁሉም ጎበዝ የነበረ ይመስለናል። ስድስት ኪሎ ገብተው በመጀመሪያው መንፈቅ የሚባረሩት ብዛታቸው የራሱን ስም አውጥቶ ነበር፤ «ክሪስማስ ግራጁዌት» ይባሉ ነበር። ለገና ቤታቸው ስለሚሸኙ። የትኛው ክሪስማስ ግራጁዌት ነው ዛሬ ልጆቹን ሰብስቦ ስለ ኩራዝ የሚሰብከው? የምንሰማው ያለፉትን ብቻ ነው። ሳያልፉ የቀሩት ዝም ብለዋል።

ወደ ራሴ ልምጣ። እኔ የመሀል ሰው ነኝ። የአባቴን ታሪክ አምኜ ተማርኩ። እኔ ሳስተምር ግን ነገሩ መላላት ጀምሮ ነበር። የ1986ቱ ፖሊሲ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ልጅ ሳይወድቅ እንዲያልፍ አደረገ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ በየዓመቱ ክፍል ስለሚደግም ከትምህርት የሚቀር ልጅ ብዙ ነበርና። ነገር ግን ከታች የተጀመረው ነገር ወደ ላይ ሲወጣ በዓይኔ አየሁ። 9ኛ ክፍል ደርሶ ማካፈል የማይችል ልጅ ተላከልኝ። ከዚያ እኔም ላክሁት።

በ1997 ገደማ ፕላዝማ የሚባለው የቴሌቪዥን ትምህርት መጣ። የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። በሳተላይት የምትመጣው አስተማሪ እንግሊዝኛዋን ታንቆረቁራለች። መልመጃ ሰጥታ ሁለት ደቂቃ ትጠብቃለች። ልጆቹ ጥያቄውን ገልብጠው ሳይጨርሱ መልሱ ይመጣል። እኔ ጥግ ቆሜ አያለሁ። ሥራዬ ማብራትና ማጥፋት ነበር። መብራት ሲሄድ ትምህርቱም ይሄዳል፤ ሲመጣ የሄደው አይመለስም። ያኔ ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ልጅ ደብተሩን ዘግቶ፣ «እሷ አትጠብቀንም፤ እኛ ለምን እንሮጣለን?» ብሎኝ ነበር። ባለጌ ነው ብዬ አስወጣሁት። ዛሬ ባገኘው ይቅርታ እጠይቀው ነበር።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልንገራችሁ። ለዓመታት የአገር አቀፍ ፈተና ፈታኝ ሆኜ ተመድቤአለሁ። ከአንድ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ መልስ ሲያልፍ አይቼ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬአለሁ። ኩረጃውን አስጀማሪው እኔ አልነበርኩም። ግን ቆሜ አሳልፌዋለሁ። አንዳንዱ ወላጅ በር ላይ ቆሞ በስልክ መልስ ይልክ ነበር። አንዳንዱ ኃላፊ «የትምህርት ቤታችን ስም እንዳይጠፋ» ይለን ነበር። በ2008 ደግሞ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከመሰጠቱ በፊት በማኅበራዊ ሚዲያ ወጣና ተሰርዞ እንደገና ተሰጠ። ልጆቹ ከዚህ ሁሉ ምን ተማሩ? ያጠናውም፣ አጤሬራ የያዘውም፣ ስልክ የያዘውም አንድ ቦታ ሲደርሱ አዩ። ይህን ያስተማርናቸው እኛ ነን። ለዚህኛው ትምህርት ፕላዝማ አላስፈለገንም።

ስለዚህ ፈተናውን ወደ ዩኒቨርሲቲ ስትወስዱት ካጨበጨቡት ሰዎች አንዱ ነኝ። የምሬን ነው። የ2014 ተፈታኞች በጥቅምት 2015 ሻንጣቸውን ይዘው ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ከ896 ሺህ በላይ ተማሪ ተቀምጦ 50 በመቶና በላይ ያመጡት 29,909 ሆኑ። 3.3 በመቶ። በቀጣዩ ዓመት 3.2። ከዚያ 5.4፤ በ2017 ደግሞ 8.4። መጋረጃው ተገለጠ። ልክ ነበራችሁ። ትንሽ ትንሽ መውጣቱም ደስ ይላል።

የኔ ቅሬታ ከመጋረጃው መገለጥ በኋላ ያለው ነው። የመጀመሪያው ውጤት በተሰማ ማግስት ከሬዲዮ እስከ ልቅሶ ቤት «ሰነፍ ትውልድ» የማይል አፍ አልነበረም። እኔም ብያለሁ። የ2015ቱ ውጤት ሲወጣ ግን ራሳችሁ አንድ ቁጥር ነገራችሁን። ካስፈተኑት 3,106 ትምህርት ቤቶች 1,328ቱ አንድም ልጅ አላሳለፉም። አንድም! ስለዚህ ቁጥር ያወራነው አንድ ሳምንት አይሞላም።

እስኪ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ስንፍና እንደ ጉንፋን ግቢ መርጦ አይገባም። በየትኛውም ዘመን፣ በየትኛውም ክፍል ጎበዝ አለ፣ መካከለኛ አለ፣ ሰነፍ አለ። እኔ በ22 ዓመት ውስጥ አንድም ጎበዝ የሌለበት ክፍል ገጥሞኝ አያውቅም። ታዲያ 1,328 ግቢ ውስጥ አንድ እንኳን መብራት አብርቶ ያደረ ልጅ አልነበረም? ነበረ እንጂ። ያ ልጅ ለፍቷል። ያጠናው ግን ምናልባት የፊዚክስ መምህር ሳይመደብለት ነው። ምናልባት ቤተ መጻሕፍቱ ተቆልፎበት ነው። ምናልባት ግማሹን ዓመት ተኩስ እየሰማ ነው። ያ ልጅ ውጤቱን ሲያይ፣ «ሰነፍ» ሲባልም ሲሰማ፣ ስለ ልፋት ምን እንደሚያስብ ገምቱ። ለታናሽ ወንድሙ ምን እንደሚነግረውም ገምቱ።

የመጽሐፉን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ መጽሐፉ ታትሞ እስኪዳረስ ድረስ በቴሌግራም ፒዲኤፍ ነው የደረሰን። የእኛ ትምህርት ቤት ጥበቃ በር ላይ ስልክ ይቀማል። እኔ ክፍል ውስጥ «ገጽ 47 አውጡ» እላለሁ። ልጆቹ ያዩኛል። እኔም አያቸዋለሁ።

ወደ ጠየቀኝ ልጅ ልመለስ። በሌላ ቀን ብቻውን ጠርቼ ለምን እንደሚተኛ ጠየቅሁት። ማታ ማታ ለአንድ የሠርግ ቪዲዮ ቤት ኤዲት ያደርጋል። ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት። የት ተማርከው ብለው ዩቲዩብ ላይ አለኝ፣ ከአንድ ህንዳዊ። እንግሊዝኛ ፈተና ላይ ከ50 በታች የሚያመጣ ልጅ አንድ ህንዳዊ በእንግሊዝኛ የሚያስረዳውን ሰምቶ፣ ደጋግሞ አቁሞ፣ ቃሉን ፈልጎ ሙያ ተምሯል። ሥራውን አሳየኝ። ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ ከበሮው ምቱን ይጥላል፤ ምቱና እርምጃዋ እኩል ያርፋሉ። ይህን ለማስተካከል ምን ያህል ጊዜ ፈጀብህ አልኩት። «ለሷ አራት ሰከንድ? ሁለት ሌሊት» አለኝ።

ሁለት ሌሊት ለአራት ሰከንድ! ይህ ነው እንግዲህ ልፋት አያውቅም የምንለው ትውልድ።

ታዲያ የእኔ ሎጋሪዝም ምን በደለው? ብዙ አሰብኩበት። የደረስኩበትን ልንገራችሁ፤ ስሕተት ከሆነ አርሙኝ። ልጁ ቪዲዮ ሲቆርጥ ከተሳሳተ ያኔውኑ ያየዋል። ካስተካከለ ያኔውኑ ያየዋል። ሲያስረክብ ሰው «አሪፍ ነው» ይለዋል፣ ብር ይሰጠዋል። ልፋቱ መልስ አለው። እኔ ጋ ሲመጣስ? አምስት ክፍል አስተምራለሁ፣ በየክፍሉ ከ60 በላይ ልጅ አለ። ፈተና ፈትኜ አርሜ የምመልሰው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ያኔ ምን እንደተሳሳተ ቀርቶ ምን እንደተጠየቀም ረስቶታል። የቤት ሥራ ደብተሩን አላይለትም፤ ምልክት አድርጌ አልፋለሁ። ከዚያ 12ኛ ክፍል ላይ አንድ ትልቅ መልስ ይመጣል። ከመቶው ልጅ ከዘጠና በላይ ለሚሆኑት መልሱ «አይ» ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ዝም ተብሎ፣ ከዚያ «አይ»።

አባቴ የለፋው ከዚህ ልጅ የበለጠ ጠንካራ ስለነበረ አይመስለኝም። መልስ ስለነበረው ነው። ከሱ በፊት የሄደውን ልጅ ደመወዝ ሲበላ አይቷል። የኛ ልጆችስ ከፊታቸው የሄደውን ሲያዩ ምን ያያሉ? የእህቴ ልጅ ሲቪል ምሕንድስና ተመርቋል። ጋዋን ለብሶ የተነሳው ፎቶ ሳሎን ውስጥ ከቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ጎን ተሰቅሏል። እሱ በሞተር ፒዛ ያደርሳል። ዩኒቨርሲቲዎቻችን በጣት ከሚቆጠሩበት ተነስተው ከ40 በላይ ሆነዋል። ጥሩ ነው። የሥራ ቦታው ግን በዚያው ልክ አልሰፋም። ድሮ መንግሥት ተመራቂውን ይመድብ ነበር፤ ኋላ ላይ ለባለዲግሪ ኮብልስቶን ተባለ። ሥራ መናቄ አይደለም። ግን አራት ዓመት ለድንጋይ ጠረባ አይለፋም።

ከእህቴ ቤት አጥር ማዶ ደግሞ ሌላ ቤት አለ። የዚያ ቤት ልጅ 8ኛ ክፍል አቋርጣ ሪያድ ሄደች። ጣሪያ አሳደሰች፣ ፍሪጅ ገዛች፣ ወንድሟን የግል ትምህርት ቤት አስገባች። የሰፈሩ ልጆች ሁለቱንም ቤት ያያሉ። ሒሳብ አይችሉም ማን አለ? ልጅቷ የምትልከው ፎቶ ላይ የምትተኛበት ክፍል የለም። ስንት ሰዓት ቆማ እንደምትውልም የለም። እንደ አባቴ ወንድሞች ሞፈር፣ እሱም ከታሪኩ ውጭ ነው።

የኛ ነገርም አለ። አንድ ተማሪዬ ከትምህርት በኋላ ሲኤምሲ አካባቢ የአንድ ሀብታም ልጅ ላስጠና ስገባ አይቶኛል። በማግስቱ ምንም አላለኝም። ግን «ብታጠኑ ትለወጣላችሁ» ስል ዓይኑ ጫማዬ ላይ ነበር። ልፋ ያለው በሕልሙ ዳውላ ይሸከማል ይባል የለ? ልጆቹ እኛን የሚያዩን እንደዚያ ሰውዬ ነው።

ይህን ሁሉ ብዬ ልጆቹን መልአክ ላደርጋቸው አልፈልግም። አብሬአቸው እውላለሁና አውቃቸዋለሁ። ከትምህርት ቤታችን ብዙም ሳይርቅ ቤቲንግ ቤት አለ። ከሰዓት ፈረቃ ቀርቶ እዚያ የሚውል ልጅ የማንቸስተርን ተጫዋቾች ጉዳት በጉልበት በጉልበቱ ይዘረዝርልሃል፤ የራሱን የክፍል ውጤት አያውቅም። ባለፈው ዓመት የስታቲስቲክስ ፕሮጀክት ሰጠሁ። ዘጠኝ ልጆች አንድ ዓይነት ወረቀት አመጡ። ቻትጂፒቲ ነው የሠራላቸው። አንደኛው «ሰርተንሊ! ሂር ኢዝ ዩር ፕሮጀክት» የሚለውን የመጀመሪያ መስመር እንኳን ሳያጠፋ ነው ያተመው። ስቄ ልሞት ነበር፤ ከዚያ ከፋኝ። በእኛ ጊዜ ኮራጅ ቢያንስ በእጁ ይገለብጥ ነበር። ሳያስበው አንድ ሁለት ነገር ይይዝ ነበር።

ፈጣን መልስ የለመደ ልጅ ቀርፋፋ ነገር ሲገጥመው ይተወዋል። ይህ እውነት ነው፤ ያስፈራኛልም። ሎጋሪዝም በ60 ሰከንድ አይገባም። አንዳንድ ነገር ሳይገባህ ሳምንት አብሮህ መዋል አለበት። ያን ሳምንት ዛሬ የሚታገስ ልጅ ከድሮው ያነሰ ይመስለኛል። ይህን ስል ግን እኔም ስልኬን ሳላይ አንድ ምዕራፍ ማንበብ እንዳቃተኝ አልደብቃችሁም።

አንድ የሞከርኩት ነገር አለ። የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ይዘጋል። ልጆቹ ነፃ የሚሆኑት ደግሞ ያኔ ነው። ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ቁልፉን ከንብረት ክፍል በፊርማ ወሰድኩ። በሳምንት ሦስት ቀን እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት እከፍታለሁ አልኩ። በመጀመሪያው ቀን አራት ልጆች መጡ፤ ሁለቱ የመጡት ዋይፋይ ያለ መስሏቸው ነው። ጥር ላይ 14 ሆኑ። አላስተማርኳቸውም። እነሱ ይሠራሉ፣ እኔ እየዞርኩ እዚያው አርማለሁ። «ይቺ ምልክት ተገልብጣለች» እላለሁ፤ ያስተካክላሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። አንዲት ልጅ አንድ ቀን ከሦስት ሙከራ በኋላ መልሱ ሲመጣላት እስክሪብቶዋን ወርውራ «ኧረ ገባኝ!» ብላ ጮኸች። 22 ዓመት አስተምሬ ይህን ጩኸት የሰማሁባቸውን ቀናት በጣቴ እቆጥራቸዋለሁ።

ተአምር አልተሠራም። ከ14ቱ አምስቱ ጥለው ሄዱ። ከቀሩት 12ኛ ክፍል የነበሩት ስድስት ናቸው፤ 50 በመቶ ያለፉት ሁለት። ሌላኛዋ ለሬሜዲያል፣ ማለትም ለማካካሻ ትምህርት፣ ደረሰች። ሁለቱ ቀድሞም ጎበዞች ነበሩ የሚል ባልደረባ አለኝ። ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው። ውጤት ስታውጁ የልጆቹን ብቻ አታውጁ። የትምህርት ቤቱንም አብራችሁ አውጁ። ይህ ትምህርት ቤት በዓመቱ ስንት የሒሳብ ክፍለ ጊዜ በእርግጥ አስተማረ? ፊዚክስ መምህር ነበረው? መጽሐፍ ለስንት ልጅ አንድ ደረሰ? ቤተ መጻሕፍቱ ስንት ሰዓት ክፍት ነበር? እነዚህን ከውጤቱ ጎን ብታስቀምጡልን ማን ሰነፈ የሚለውን ከዚያ በኋላ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። የኔንም ስም ጨምሩበት፤ ያልገባሁባቸው ቀኖች አሉ።

ሌላው ደግሞ የተመራቂዎች ነገር ነው። ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ። ማን እንዳለፈ እንሰማለን። ካለፉ በኋላ የት እንደገቡ ግን አንሰማም። ከየትኛው የትምህርት ክፍል የወጣ ልጅ በሁለት ዓመት ውስጥ ሥራ አገኘ፣ የትኛው አላገኘም፣ ይነገረን። ልጁ «ምን ላገኝ ነው?» ሲለኝ የምመልስለት ቁጥር እንዲኖረኝ ነው። ቁጥሩ የሚያስከፋ ቢሆንም ግድ የለም። ልጆቹ ከኛ የጠፋው እውነት መሆኑን ከነቁ ቆይተዋል።

ግልባጩ የደረሳችሁ ወላጆች፣ እናንተን ብዙ አላስቸግርም። ስለ ኩራዙ ንገሯቸው፤ ግን ጋዙን ማን እንደገዛውም ጨምሩበት። የወደቃችሁበትን ፈተናም ንገሯቸው። እኔ ሰሞኑን ለልጄ 10ኛ ክፍል ላይ ኬሚስትሪ 31 ማምጣቴን ነገርኳት። አላመነችኝም። ካርዱን ከሣጥን አውጥቼ አሳየኋት። ለረጅም ጊዜ አየችውና የሷን አመጣች። 38 ነው። ለሦስት ሳምንት ቦርሳዋ ውስጥ ደብቃው ነበር። ማታ አብረን ተቀመጥን፤ እኔም የኬሚስትሪውን ሞል ረስቼዋለሁ፣ እንደ አዲስ ነው የምማረው።

ባለቪዲዮው ልጅ ዘንድሮ 12ኛ ነው። አሁንም አንዳንዴ ይተኛል። ባለፈው ሳምንት ግን 10 ሰዓት ላይ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። የመጣው ስለ ሎጋሪዝም ነበር። ቪዲዮው ላይ ድምፅ ሲጨምርና ሲቀንስ የሚያየው «ዲቢ» የሚባል ልኬት አለ፤ ቁጥሩ ለምን እኩል እኩል እንደማይሄድ ግራ ገብቶታል። ዲሲቤል ሎጋሪዝም ነው አልኩት። «ያው የኛው?» አለኝ። ያው የኛው። አንድ ሰዓት ተኩል ተቀመጥን። የጠየቀኝን የመጀመሪያውን ጥያቄ ግን አሁንም አልመለስኩለትም፤ እሱም ደግሞ አልጠየቀኝም።

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያጣደፈኝ ምን እንደሆነ ልንገራችሁና ላብቃ። ሰኞ ዕለት ከንብረት ክፍል ማስታወሻ ደረሰኝ። የቤተ መጻሕፍቱን ቁልፍ ከሥራ ሰዓት ውጭ ይዤ መቆየቴ ከአሠራር ውጭ ስለሆነ በአምስት ቀን ውስጥ እንድመልስ ይላል። ማኅተም አለበት። የጻፈው ሰው አይፈረድበትም፤ መጽሐፍ ቢጠፋ ተጠያቂው እሱ ነው። አምስተኛው ቀን ዓርብ ነው። ዓርብ ደግሞ ልጆቹ የሚመጡበት ቀን ነው። በአሠራሩ ላይ ሥልጣን ያለው ሰው ይህን ካነበበልኝ፣ ቁልፉ እስከ ሰኔ እኔ ጋ ቢቆይ ብዬ በትሕትና አመለክታለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የሒሳብ መምህር
አዲስ አበባ